እማዬ፣ እስቲ ተነሺ

እማዬ፣

እጅሽ እንዴት ነው? ጄሶው ሰኞ እንደሚወጣልሽ ወንድሜ ነግሮኛል። ሌላም የነገረኝ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

ልጄ ደህና ነው። የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ሲስቅ ቁርጥ አንቺን። እሱ ሲወለድ ግንባሩን ስመሽ ከንፈርሽን ስትልሺ አይቼሽ ነበር። ምንም አላልሽም፣ እኔም አላልኩም። ፊትሽ ፈታ ሲል ነው ጨው ጨው እንዳላለሽ ያወቅኩት። ላብን ጨው ጨው የሚያደርገው፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚሞላው የእኔ በሽታ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ይዞት እንደሆን ነበር የቀመስሽው።

እኔም ያው ደህና ነኝ። ጠዋት መድኃኒቱን እንደ ጉም በሚያደርገው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር፣ መድኃኒቴን እስባለሁ፣ ከዚያ ትንሿ ትራምፖሊን ላይ እዘላለሁ። ሳቂ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ስዘል ትንፋሼ ይጠልቃል፣ አክታው ይላቀቃል። ሁለት ደቂቃ እዘልና ቆሜ አፌን ከፍቼ «ሃ» እላለሁ፣ የመነጽር መስታወት በትንፋሹ እንደሚያጸዳ ሰው። ሳሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቀን ስዘል የአንቺ እጅ ይመጣብኛል። አክታው እንዲላቀቅልኝ መዳፍሽን ጎድጎድ አድርገሽ ጀርባዬን ስትመቺው፣ ዷ ዷ ዷ፣ ጠዋትና ማታ፣ ስንት ዓመት ሙሉ። አመሰግናለሁ ብዬሽ የማውቅ አይመስለኝም። አመሰግናለሁ።

ግን የሩጫውን ቀን ላነሳብሽ ነው። አትቆጪ።

8 ዓመቴ ነበር። የጫማዬን ክር ሁለት ጊዜ ቋጥሬ መስመሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንቺ በነጠላ ጫማ ሜዳውን አቋርጠሽ መጣሽና እጄን ያዝሽ። «ልጄ በሽተኛ ናት፤ ብትወድቅብኝስ?» አልሽው አስተማሪውን፣ ያ ሁሉ ልጅ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ ልብስ መጠበቅ ሆነ። የሌላውን ልጅ ሹራብ ሁሉ ታቅፌ እቀመጥ ነበር። የላባቸው ሽታ እስካሁን አይጠፋኝም።

ሐኪሙ «አታድክሚያት» ብሎሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸውን ሰዎች ለ8 ዓመት የተከታተለ ጥናት ወጣ። ብስክሌት እያስነዱ የአካል ብቃታቸውን ለክተዋል። ብቃታቸው ከፍ ካለው 83 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ዝቅ ካለው 28 በመቶው ብቻ። እርግጥ ስፖርቱ ብቻውን አዳናቸው ማለት አይደለም። በሽታው የጠናበት ሰው መቼስ በምን አቅሙ ይሮጣል? ቢሆንም ያነበብኩት ሰሞን ሁለት ሳምንት አልደወልኩልሽም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

አሁን እሮጣለሁ። ቀስ ብዬ፣ ግን እሮጣለሁ። ስመለስ ግንባሬ ላይ ጨዉ ደርቆ ነጭ ይሆናል። ላቤ ጨውን ይዞት ስለሚወጣ ጨው ያለበት መጠጥ ይዤ እወጣለሁ። ሳይጠማኝም እጠጣለሁ፤ እኔን ጥማት ቶሎ አይነግረኝም። ትኩሳት ካለኝ አልወጣም፣ ደም ካሳለኝ አቆማለሁ። አየሽ፣ አላበድኩም።

ባለፈው ምርመራ የሳንባዬ አቅም ከ58 በመቶ ወደ 54 ወርዷል። ለወንድሜም አልነገርኩትም። ኢንፌክሽን ነበረብኝ፣ መድኃኒት ጨርሻለሁ፣ ሊመለስ ይችላል። አትደንግጪ።

ወንድሜ የነገረኝ ይሄን ነው፤ ከወደቅሽ ወዲህ ከወንበሩ አትነሺም አሉ። የተሰበረው እጅሽ ነው እኮ፣ እግርሽ ምን ሆነ? ሐኪሙም ተራመጂ ብሎሻል። አንቺ ግን «ብወድቅስ?» ትያለሽ። እማዬ፣ ያቺን «ብወድቅስ» በደንብ ነው የማውቃት። እኔን ከሜዳ ያወጣችኝ እሷ ናት። በተቀመጥሽ ቁጥር እግርሽ እየሰለለ ይሄዳል፣ ያኔ እውነትም ትወድቂያለሽ።

አንቺ እኔ ቀድሜሽ እንደምሄድ ታስቢ ነበር። በር ዘግተሽ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ነው ያደግኩት። ሌላው ደግሞ፣ አንቺ ሳትኖሪ እኔ ልኖር እንደምችል፣ ለዚያ አልተዘጋጀሁም። ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

በይ ተይው። ነጠላ ጫማውን ጣይው፣ ያንሸራትታል። ተረከዙ የተዘጋ ጫማ ልኬልሻለሁ፤ ክር የለውም፣ በአንድ እጅ ይደረጋል። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ምንጣፍ ወንድሜ ያንሳው። ሌሊት መብራት አታጥፊ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትራምፖሊኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት እደውልልሻለሁ። ስልኩን ኪስሽ ውስጥ አድርጊና እስከ በሩ ሄደሽ ተመለሺ። እርምጃሽን እኔ እቆጥራለሁ። ሲደክምሽ ንገሪኝ፤ እኔም ሳል ከያዘኝ ስልኩን እንዳትዘጊ፣ ጠብቂኝ።

ልጅሽ