ሚሚዬ፣ 40ው የጭንቅላትሽን ቆዳ እንዳይነካ

ሚሚዬ የኔ ማር እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? በሰው የላክሁልሽ በርበሬና ሽሮ ደረሰሽ ወይ፣ ምነው ዝም አልሽ። ይሄን ሁሉ ቴክስት ላይ መጻፍ ስለማልችል ነው እንደ ድሮው በወረቀት የጻፍኩት፣ ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። እስከ መጨረሻው አንብቢው። ግማሹ ላይ «እሺ ማሚ» ብለሽ እንዳትዘጊው፣ አውቅሻለሁ።

ትናንት ማታ ወንድምሽ የላክሽለትን ፎቶ አሳየኝ። «ቅዳሜ ልደቷን በብሎንድ ጸጉር ነው የምታከብረው» አለኝ እየሳቀ። እኔ አንቺን መች አየሁ፣ ከኋላሽ ሲንኩ ጠርዝ ላይ የቆመውን የጸጉር ማንጫ ጠርሙስ ነው ያየሁት። ስልኩን ተቀብዬ አጉልቼ አየሁት፣ 40 ይላል። ሚሚ፣ እናትሽ እኮ 11 አመት ጸጉር ቤት ቆማ የሰራች ሴት ናት፣ ያን ቁጥር ከሩቅ ነው የማውቀው። እንቅልፍ በአይኔ ሳይዞር አደርኩ።

ከሁሉ በፊት ይሄን ልንገርሽ፣ 40ው የጭንቅላትሽን ቆዳ እንዳይነካ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ እናንተ ዲቨሎፐር የምትሉት እኛ ጸጉር ቤት ኦክሲጅን ነበር የምንለው። 10 የሚለው 3 ፐርሰንት ነው፣ 20ው 6፣ 30ው 9፣ 40ው 12 ፐርሰንት። ለቁስል ከፋርማሲ የምንገዛው 3 ፐርሰንቱ ነው፣ አንቺ ራስሽ ላይ ልትቀቢ ያሰብሽው የሱን አራት እጥፍ። አውሮፓ ውስጥ ለጸጉር ከ12 ፐርሰንት በላይ በህግ አይፈቀድም፣ አንቺ የያዝሽው እንግዲህ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ያለውን ነው። ቁጥሩም ዝም ብሎ የተለጠፈ አይደለም፣ አንድ ሊትሩ ፈርሶ ሲያልቅ 40 ሊትር የኦክስጅን ጋዝ ይወጣዋል ማለት ነው። ለዛ ነው አብሮት የሚበጠበጠው የብሊች ዱቄት ከገባበት በኋላ ክዳን የማይገጠምበት፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። የተረፈሽን በብዙ ውሃ እያፈሰስሽ ሲንኩ ውስጥ ድፊው እንጂ ለነገ ብለሽ አታስቀምጪ። ሃይላንድ ውስጥም እንዳትገለብጪው፣ አብራሽ የምትኖረዋ ልጅ ህጻን አላት ብለሽኛል፣ ወተት ነው የሚመስለው።

እሺ፣ ቶሎ ስለሚያነጣ ነው አይደል የገዛሽው? እኔም እንደዛው ብዬ ነው።

አክስትሽ ለምን ሁሌ ሻሽ እንደምታስር ልጅ ሆነሽ ትጠይቂኝ ነበር። «ራሷን ብርድ ይመታታል» እልሽ ነበር። ውሸቴን ነው ሚሚ። እኔ ነኝ እንደዛ ያደረግኳት።

1989 ጥር ላይ ነው፣ እኔ 24 እሷ 19 አመቷ። ፒያሳ የምሰራበት ጸጉር ቤት ነው፣ ቤቱ አሁን ከነሰፈሩ ፈርሷል፣ በዛ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበር እንኳን ይጠፋኛል። የጥርን ቅዳሜ ታውቂዋለሽ፣ ሙሽራውም ሚዜውም አንድ ላይ ይመጣና ወረፋው ደረጃው ድረስ ይሄዳል። እሷ በማግስቱ የጓደኛዋ ሚዜ ናት፣ ማር የመሰለ ቀለም አድርጊልኝ ብላ መጣች፣ እኔ ደግሞ ባለቤቲቱ የቤተሰብ ስራ ትሰሪያለሽ ብላ ሳትቆጣኝ ቶሎ ልጨርሳት ብዬ ዱቄቱን በ40 በጠበጥኩት፣ ከስሩ ጀምሬ ቆዳዋ ላይ ለቀለቅኳት፣ ያ አልበቃ ብሎኝ ካስክ ውስጥ አስገባኋት። 40 ቀብቼ ሙቀት ጨመርኩበት! ተምሬዋለሁ እኮ፣ የራስ ቆዳ በራሱ ስለሚሞቅ ስሩ ከጫፉ ቀድሞ እንደሚነጣ፣ ስለዚህ ስሩ መጨረሻ እንደሚቀባ፣ ሁሉንም አውቅ ነበር።

«እቴ ያቃጥለኛል» አለችኝ። «ታገሺ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት። ደግማ ጠራችኝ፣ የሌላ ደንበኛ ቢጎዲ እየጠቀለልኩ ነበር፣ ዞሬም አላየኋት። ሶስተኛ አልጠራችኝም። አንገቷን ደፍታ እንባዋ ጉልበቷ ላይ እንደሚንጠባጠብ የነገረችኝ አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ናት።

ሳጥባት ጸጉሯ በጄ መጣ። ከጆሮዋ በላይ ቆዳው ነጭ ሆኖ አብጦ ነበር፣ ማታውን ውሃ ቋጠረ። ለአያትሽ ምን ብዬ ልንገራት፣ ምች ነው አልኳት። ምስኪን፣ ዳማከሴ ጨምቃ ለጋ ቅቤ ቀባቻት፣ በአራተኛው ቀን መግል ያዘ። ክሊኒክ ስንወስዳት ሀኪሙ በኬሚካል የተቃጠለ ነው አለ። አያትሽ ዞራ አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም፣ እስክትሞት ድረስም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ሚዜነቱ ቀረ። መዳፍ የሚያክል ቦታ ደግሞ ጸጉር ዳግመኛ አልበቀለበትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ስለዚህ 40ውን ጣይው። ብሩ ያሳዝንሽ ይሆናል፣ ይቅር። ወይ መልሺላቸው። በቃ እምቢ ማሚ ራሴ ነው የምሰራው ካልሽ 20ውን ግዢ፣ ከዛ በላይ የራስ ቆዳ ላይ አይቀባም። ባለሙያዎች በ40 ሲሰሩ ብታይ ከቆዳው አርቀው፣ አይናቸውን ሳይነቅሉ ነው፣ አንቺ የራስሽን ማጅራት በምን ታይዋለሽ?

ደግሞ የጸጉርሽ ጫፍ ጸጉር ማለስለሻው፣ ሪላክሰር የነካው ነው፣ ከመሄድሽ በፊት እኔው አይደለሁ የሰራሁሽ። ሪላክስ የተደረገ ጸጉር አንዴ ውስጡ ተሰብሯል፣ ብሊች ሲደርስበት እርጥቡን ብትጎትቺው እንደ ማስቲካ ይሳብና ይበጠሳል። እንደኛ ያለ ጥቁር ጸጉር በአንድ ቀን ብሎንድ አይሆንም፣ ቀይ ይሆናል፣ ብርቱካን ይሆናል፣ ቢጫው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ በሁለተኛ በሶስተኛ ዙር ነው፣ ያውም ጸጉሩ ከቻለው። ሰው ብርቱካን ሲሆንበት ይደነግጥና በዛው ቀን ይደግመዋል፣ ያኔ ነው የሚያልቅለት። መጀመሪያ ከኋላ ትንሽ ዘለላ ብቻ ቀብተሽ እይ። ጆሮሽ ጀርባም ትንሽ ነካ አድርገሽ 48 ሰአት ጠብቂ፣ ቅዳሜ ነው ካልሽ እንግዲህ ዛሬ ማታ መሆን አለበት። ሂና የነካው ከሆነ ጭራሽ አትሞክሪው፣ አንዳንዱ ሂና ውስጥ ብረት ይጨመርበታልና ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ያጨሳል።

ሹሩባሽን የፈታሽ ቀንም እንዳትቀቢ። ተወጥሮ የከረመ ቆዳ ይቆጣል፣ ስትፈቺ ደግሞ ታኪዋለሽ፣ አንቺ በጥፍርሽ ነው የምታኪው ስንቴ ተናግሬሻለሁ። ጥቂት ቀን አሳርፊው፣ የቀለም ቀን ጠዋትም አትታጠቢ፣ ወዙ ይጠብቅሻል።

አስምሽንስ ረስተሽዋል? ያ ዱቄት ውስጥ ፐርሰልፌት የሚሉት ነገር አለ፣ ስንቷን ጸጉር ሰሪ አስም ያስያዘ ነው፣ እኔም ስራውን ስተው ነው ሳሌ የተወኝ። መስኮት የሌለው ሻወር ውስጥ በር ዘግተሽ አትበጥብጪው፣ ኢንሄለርሽ አጠገብሽ ይሁን። ጓንት አድርጊ፣ ግንባርሽንና ጆሮሽን ቫዝሊን ቀቢ፣ ሳህኑም ማንኪያውም ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አይገባበትም። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አንድ ደቂቃ አትለፊ፣ ፎን ምናምን አታስጠጊ።

ማቃጠል ከጀመረሽ ሚሚ፣ ትንሽ ልታገስ የሚባል ነገር የለም። ሰምተሽኛል? ያንን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት። ወዲያው ቧንቧ ስር ገብተሽ በቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ እጠቢው፣ ቅቤ አይሆንም፣ የጥርስ ሳሙናም አይሆንም፣ ምንም እንዳትቀቢ። ውሃ ከቋጠረ ሀኪም ጋ ሂጂ። አይንሽ ውስጥ ከገባ አይንሽን ከፍተሽ በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ ኢንሹራንስ ምናምን እያልሽ እንዳትቀመጪ።

ለምን ግን ራስሽ ትሰሪዋለሽ? እዛ ሲልቨር ስፕሪንግ የሀበሻ ጸጉር ቤት ሞልቷል፣ የልደት ስጦታሽ ይሁን፣ ብሩን ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ ይልክልሻል። ወይ ደግሞ ቀለም ያለው ሂውማን ሄር አሰፊ፣ ለአንድ ቅዳሜ ምን አነሰው። እንዳታምሪ አይደለም የኔ ቆንጆ፣ 22 አመት አንዴ ነው። ብቻ 40ው አይንካሽ።

ይሄን ስጽፍ አክስትሽ እዚሁ አጠገቤ ቡና እየቆላች ነበር። ምንድነው የምትጽፊው አለችኝ፣ አነበብኩላት። ያቺን ቀን በተመለከተ በስንት አመታችን ዛሬ ነው ያወራነው። ዝም ብላ ሰማችኝና ምጣዱን አወረደች፣ ሻሿን ፈታ «በይ አንሺኝና ላኪላት፣ ትየው» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነሳሁት። ወንድምሽ ከደብዳቤው ጋር ይልክልሻል፣ ሌላ ሰው አታሳዪ።

አርብ ማታ እደውላለሁ፣ ስልኩን አንሺ።

እናትሽ