በሟች ወዳጅ ስም የሚቋቋም ድርጅት ከመርፌው ይጀምር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወጣት ጓደኛ በልብ ሕመም ሲሞት፣ ለውጭ ሕክምናው በሦስት ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ የተዋጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተርፎ ይቀራል። አርባው ሲወጣ ወዳጆቹ ተሰብስበው «በስሙ አንድ ነገር እናቋቁም» ይላሉ። ደግ ሐሳብ ነው። ገንዘቡ በቢሮ ኪራይ እንዳያልቅ ጥቂት ልበል።

ወጣቶቻችንን ከሚቀጥፉ የልብ ሕመሞች ዋነኛው (ሩማቲክ የልብ ሕመም) ከጉሮሮ ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል፤ ሳይታከም ከቀረ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት ለመከላከል ያመረተው ኃይል ዞሮ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን (ደም የሚያልፍበትን የልብ በር) ያጠቃል። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ይህን ማስቀረት ይቻላል። ልጁን ወስዶ ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ቁስልና መድማት ይጨምርበታል እንጂ።

ቫልቩ አንዴ ከተጎዳ፣ እንዳይብስ የሚያደርገው በየ28 ቀኑ የሚወጋ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው። ሙሉ መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ ክብደቱ ትንሽ ለሆነ ልጅ ግማሹ ይሰጣል። ድርጅቱም ከዚህ መርፌ ይጀምር። አንድ ልጅ በዓመት 13 መርፌ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። 1,300 መርፌ የሚገዛ ገንዘብ 100 ልጆችን ለአንድ ዓመት፣ ወይም 10 ልጆችን ለ10 ዓመት ያደርሳል። ቫልቩ የተጎዳ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ ስለሚወጋ፣ መቶውን መዝግቦ በሁለተኛው ዓመት ማቋረጥ ቃል ማጠፍ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ራሱ የሚያቀርብ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለትራንስፖርትና ለክትትል ይዋልና የልጆቹ ቁጥር ይጨመር። በሁለቱም መንገድ የሦስት ወር መጠባበቂያ ከመጋዘን አይጥፋ፤ ለ100 ልጅ 325 መርፌ ማለት ነው።

ልጆቹ ለምን ይቀራሉ? መርፌው ያማል፤ የመድኃኒቱ ዱቄት በውኃ ስለማይሟሟ መርፌው ይደፈናል፤ ቀኑ በዓል ላይ ይውላል፤ ልጅቷ ታገባና ቀበሌ ትቀይራለች። ሰፋ ያለ መርፌ (21 ቁጥር) መጠቀም፣ በደንብ ነቅንቆ ወዲያው መስጠት፣ ቀስ ብሎ መውጋት፣ ባለሙያው ከፈቀደ ከማደንዘዣ ሊዶኬይን ጋር መቀላቀል ብዙ ያቀላል። አንዳንድ ጤና ጣቢያ «ልጁ ራሱን ስቶ ይወድቅብናል» ብሎ መርፌውን አይሰጥም። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ በልቶና ጠጥቶ ይምጣ፣ ተኝቶ ይወጋ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ለድንገተኛ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊንም በእጅ ይኑር። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ሕመምተኛ ከመርፌው ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊሻለው ስለሚችል ውሳኔው የልብ ሐኪሙ ነው።

የመጀመሪያው ግዢ ኮምፒውተር ሳይሆን ጠንካራ መዝገብ ይሁን፦ ስም፣ የሁለት ዘመድ ስልክ፣ የተወጋበት ቀን፣ ቀጣዩ ቀን። በ21ኛው ቀን ይደወል። በ29ኛው ቀን ያልመጣውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ሄዳ ትፈልገው።

ስለ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት፣ በቦርድ ለሚመራ ድርጅት ደግሞ ሁለት መሥራቾች ይበቃሉ። ጓደኛሞች ማኅበሩን ይወዳሉ፤ እኔ ግን ቦርዱን እመርጣለሁ፤ ሐዘኑ ሲበርድ ጠቅላላ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ ያጣልና። የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ ማለፍ አይችልም። በዓመት 500,000 ብር የሚሰበስብ ድርጅት ለኪራይ፣ ለጸሐፊ ደመወዝና ለመሰል ነገሮች ሁሉ ያለው 100,000 ብር ነው፤ በወር ከ8,400 ብር በታች። እድሩ አንድ ክፍል ቢያውሳችሁ ተቀበሉ።

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በ1996 ያቋቋሙት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ሆስፒታል እንሥራ አላሉም፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ ማደሪያ ያጣውን አስጠለሉ፣ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ እንዲወጣም ተሟገቱ። ጎዶሎውን ለይቶ መሙላት እንዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት ለሕክምና ያዋጡትን ሰዎች አስፈቅዱ፤ የሰጡት ለሌላ ዓላማ ነበርና የፈለገ ድርሻው ይመለስለት። ስለ ስሙና ፎቶው የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። እናቱ ፎቶው ፖስተር ላይ እንዲለጠፍ ካልፈለገች አይለጠፍ፤ ስሙ በመርፌ ካርዱ ላይ መታተሙ ይበቃል። ምዝገባው ሲያልቅ የሦስቱ ሰዎች ሒሳብ ተዘግቶ ቀሪው በድርጅቱ ስም ወደተከፈተው ይዛወር።

ከአክብሮት ጋር