የጣና ክረምት በፎቶግራፍ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ባሕር ዳር ከሚያወጣቸው ጽሑፎች ጋር የሚታተሙትን ፎቶግራፎች ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በበጋ የተነሡ ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውኃው የረጋ፣ የደንገል ታንኳ ከፊት፣ የዘጌ ደን ከኋላ። በሆቴሎች ግድግዳ፣ በቀን መቁጠሪያዎችና በጉብኝት ማስታወቂያዎች ላይ የምናያቸውም ከእነዚህ አይለዩም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጣና እንዲህ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጣና፣ ወንዞቹ ሞልተው የሚገቡበት፣ ዳርቻው ቦታውን የሚቀይርበት፣ ሰማዩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ደጋግሞ መልኩን የሚለዋውጥበት ጣና ለአንባቢ ሳይታይ ይቀራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፎቶ አንሺዎች በክረምቱ ወደ ዳርቻው እንዲወጡ ለማበረታታትና ጋዜጣዎም ሥራቸውን ቀኑና ቦታው ተጽፎበት እንዲያትም ለመጠየቅ ነው።

በክረምት ፎቶ ለማንሣት የሚገፋፋኝ የመጀመሪያው ምክንያት የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከከተማዋ ዳርቻ ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ይሰጣል። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምዕራብ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትጠልቅ የምትገባው በየብሱ በኩል፣ ከተመልካቹ ትከሻ ኋላ ነው። በሰኔና በሐምሌ ግን ከምዕራብ ወደ ሰሜን አዘንብላ ወደ ውኃውና ወደ ዘጌ በኩል ትጠልቃለች። ለከተማው ዳርቻ የሚስማማው የፀሐይ መጥለቂያ እንግዲህ የሚገኘው አብዛኛው ፎቶ አንሺ ካሜራውን በቦርሳ ከትቶ መስከረም እስኪጠባ በሚጠብቅባቸው ወራት ነው። ደመናው በምዕራብ በኩል ለጥቂት ደቂቃ ቢከፈት ብርሃኑ ከሥር ገብቶ የደመናውን ሆድ ያቀላዋል፤ ይህን በበጋው ባዶ ሰማይ ላይ ማግኘት አይቻልም። የእኛ አገር ምሽት ቶሎ ስለሚጨልምም ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለው የድንግዝግዝታ ጊዜ አጭር ነውና ቦታውን አስቀድሞ መርጦ መቆም ያስፈልጋል።

ሌላው የቀትሩ ነገር ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ የበጋው ብርሃን ኃይለኛ ነው። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በባሕር ዳር በትክክል አናት ላይ ስለምታልፍ በቀትር ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ የሰው ዓይንም በቅንድቡ ሥር ይጨልማል። በሚያዝያ የቀትርን ብርሃን የሚያለዝብ ነገር እምብዛም የለም። በነሐሴ ግን ያው ፀሐይ በደመና ተሸፍኖ ብርሃኑ እኩል ይዳረሳል፤ የደንገሉ አረንጓዴ፣ የታንኳው ገለባማ ቀለም፣ የቀዛፊው ፊት ሁሉም በየራሱ መልክ ይወጣል።

የክረምቱን ሰማይ ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት ውኃው ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላትም ሆኑ ወደ ገዳማቱ መንገደኛ የሚያመላልሱት ጀልባ ነጂዎች ማልደው ወጥተው ነፋሱ ሳይነሣ መመለስን ይመርጣሉ። የብሱ በቀን ከውኃው ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከሐይቁ በኩል ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፣ እርጥበቱም በዙሪያው ባሉት ከፍታዎች ላይ ደመና ሆኖ ይከመራል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም ተከታታይና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ለትንሽ ጀልባ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ማቀድ ይገባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ በአብዛኛው የረጋ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ያቆየው ጉም በውኃው ላይ ተኝቶ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ያሉባቸው ደሴቶች ሥራቸው ተቆርጦ ከላይ ዛፎቻቸው ብቻ ይታያሉ። በዚህ ሰዓት በጀልባ መውጣት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ግን የፎቶ አንሺው ቦታ የብሱ ነው፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ የዓባይን መውጫ፣ ከከተማው የእግር መንገድ ላይ ሆኖ ደግሞ ከሰሜን የሚመጣውን ወጀብ መጠበቅ ይችላል። ጥሩው ብርሃን የሚገኘው ዝናቡ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጥቁሩ ደመና ውኃውን ሲያጠቁረው፣ እና ዝናቡ ካለፈ በኋላ አየሩ ከአቧራ በጸዳበት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ዶፍ በጣሪያ ሥር ተጠልሎ ማሳለፍ ምንም አያጎድልም።

ቀስተ ደመናን በዕድል ብቻ የሚገኝ አድርጎ የማየት ልማድ አለ፤ ሆኖም ቦታውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ፀሐይ ከጀርባ፣ ዝናቡ ከፊት መሆን አለባቸው፤ ፀሐይዋ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ደግሞ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። ስለዚህ በክረምት ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ግድም ጀምሮ በምሥራቅ በኩል መጠበቅ ነው፤ ከዘጌ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ቀስቱ ውኃው ላይ ይተከላል። ጠዋት የሚዘንብ ከሆነ አቅጣጫው ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይሆናል። የብርሃን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ፊልተር የሚጠቀሙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ፊልተሩ በተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ቀስቱን ጨርሶ ያጠፋዋል።

በደመናማ ቀን የካሜራው የብርሃን መለኪያ ይሳሳታል። ነጭ ጉም ሲያጋጥመው ግራጫ ያደርገዋልና ብርሃን መጨመር ያስፈልጋል፤ በጥቁር ደመና ሥር የተከፈተ ብሩህ ሰማይ ሲኖር ደግሞ ለብሩሁ ክፍል መለካት ይሻላል፣ ምክንያቱም ነጭ ሆኖ የጠፋ ሰማይ በኋላ አይመለስም፣ የጨለመው ውኃ ግን በተወሰነ ደረጃ ሊነሣ ይችላል። አብዛኞቹ ወጣቶች የሚሠሩት በስልካቸው ነው፤ በስልክም ቢሆን ብሩሁን ቦታ በጣት ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላልና ካሜራ የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም። የሚወርደው ዝናብ ራሱ እንደ ክር ተስሎ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/60 ሰከንድ ያወርዳል፤ በሚናወጥ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከ1/500 ሰከንድ በታች ባይወርድ ይመረጣል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ፣ ሌንሱ ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ የሚታሰር የላስቲክ ከረጢት፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት፤ እነዚህ በቂ ናቸው። ከቀዝቃዛ ክፍል ወይም ከመኪና ወደ ሞቃቱና እርጥቡ ዳርቻ የወጣ ካሜራ ሌንሱ በእርጥበት ጉም ይሸፈናል፤ ቦርሳው እንደተዘጋ ጥቂት ቆይቶ ከውጭው አየር ጋር እንዲላመድ መተው መፍትሔው ነው።

ስለ ደኅንነት ግን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወጀብ ሲመጣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ውኃው ጫፍ የሚሮጡ ልጆችን በየክረምቱ አያለሁ። መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ወጀቡ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ያኔ ሥራውን አቁሞ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና መግባት ግድ ነው። በገላጣ ዳርቻ ላይ ቆሞ የብረት ትራይፖድ መትከልና ብቻውን በቆመ ዋርካ ሥር መጠለል ሁለቱም ሞትን መጥራት ነው። ደመናው ገና ከሩቅ ሲታይ በጀልባ ላይ ያለ ሰው ሌላ አንድ ፎቶ ልጨምር ማለት የለበትም፤ ጀልባ ነጂው እንመለስ ካለ እንግዳው ከፍሏልና ይቆይ ተብሎ መከራከርም ነውር ነው። ሌላው አደጋ ጉማሬ ነው። በዓባይ መውጫ አካባቢ ያሉት ጉማሬዎች ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ ይህ ደግሞ ፎቶ አንሺው የመጨረሻውን ብርሃን በደንገል መካከል ሆኖ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። በእንስሳውና በውኃው መካከል ፈጽሞ መቆም አይገባም።

ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልመለስ። የሐይቁ ከፍታ በዓመት ውስጥ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይለዋወጣል፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ዝቅ ይላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። በፎገራና በደምቢያ ሜዳማ ዳርቻዎች ላይ ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ውኃውን እጅግ ሩቅ ያስኬደዋል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም በሸሸ ጊዜ መርከቦች መጓዝ ተስኗቸው ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ደግሞ ጎርፍ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቀየው አፈናቅሏል። በ2002 ዓ.ም. ከሐይቁ ውኃ የሚወስደው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እምቦጭ የተባለው ወራሪ የውኃ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ታየ። በ2007 ዓ.ም. ሐይቁና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዘገቡ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዳርቻው ምን ይመስል እንደነበር በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ቀን ያልተጻፈበት፣ የትኛው ዳርቻ እንደሆነ የማይታወቅ የበጋ ፎቶግራፍ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በሐምሌ የሚያስገቡት አፈር ውኃውን እንዴት እንደሚያደፈርሰው፣ ነፋስ የእምቦጩን ክምር በአንድ ሌሊት ከአንዱ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚገፋው፣ የደንገሉ አጥር የት እንደ ሳሳ የሚታየው በክረምት ነው።

ስለዚሁ እምቦጭ አንድ ነገር ልጨምር። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፤ በዚህም የተነሣ ፎቶ አንሺዎች አበባውን አቅርበው፣ ሐይቁን አርቀው ያነሡታል፣ አንዳንድ ጊዜም የጣና ጌጥ ተብሎ ይታተማል። እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያትም ጋዜጣ በሥሩ ምን እንደሆነ የመጻፍ ኃላፊነት ያለበት ይመስለኛል።

የስልክ መተግበሪያዎች የአንዱን ቀን ሰማይ በሌላው ላይ መለጠፍን ቀላል ስላደረጉት ሌላ ሥጋትም አለኝ። የጥር ሰማይ በነሐሴ ውኃ ላይ ከተለጠፈ ውኃው ለምን እንደ ደፈረሰ ተመልካቹ ሊረዳ አይችልም። ብርሃን ማስተካከልን አልቃወምም፤ በስፍራው ያልነበረ ደመና መጨመርን ግን ጋዜጣዎ በግልጽ ቢከለክል የተገባ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም በየሳምንቱ አንድ የዳርቻ ፎቶግራፍ፣ ከባሕር ዳርም ሆነ ከዘጌ፣ ከጎርጎራም ሆነ ከፎገራ፣ ከአንባቢያን ተቀብሎ ያትም፤ በሥሩም የተነሣበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ፎቶ አንሺው የቆመበት አቅጣጫ ጭምር ይጻፍ። በፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ፈቃዱ መጠየቁ፣ ገዳማት ካሉም የየገዳሙ ሥርዓት መከበሩ ይረጋገጥ። በተቻለ መጠን ከአንድ ቦታ ወር በወር የሚነሡ ፎቶግራፎች ቅድሚያ ቢሰጣቸው ደስ ይለኛል። ለዚህ የሚመቹ የማይንቀሳቀሱ ምልክቶች አሉ፤ የወደብ ድንጋይ፣ የድልድይ ምሰሶ፣ በውኃ ዳር የቆመ ትልቅ ዋርካ። በሰኔ ማለቂያ ከዋርካው ሥር ምን ያህል ደረቅ መሬት እንዳለ፣ በመስከረም ማለቂያ ደግሞ ውኃው የት እንደ ደረሰ ጎን ለጎን ታትሞ ማየት እሻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የጋዜጣዎ አንባቢ
ከባሕር ዳር