ላፕቶፑን «ለማንኛውም ይኑር» ብላችሁ መርከብ ላይ አትውጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ መርከብ ሽርሽር የወጣውን ዓምድ አነበብኩት። አንድ አንባቢ «ለዕረፍት በመርከብ ልሄድ ነው፤ ላፕቶፔን ልያዝ ወይስ ቤት ልተወው?» ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። የተሰጠው መልስ «ዕረፍት ከሆነ ዕረፍት ይሁን፣ ተወው» የሚል ነው። በዚያው ጉዳዩ ተዘጋ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መልሱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ለብዙ ሰው ትክክል ነው። ግን ምክንያቱ ሳይነገር ዝም ብሎ «ተወው» ሲባል ሰው አይሰማም። ሊሄድ ሲል ማታ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ «ካስፈለገኝስ?» ይልና ይከተዋል። ጣጣው ያለው እዚች «ካስፈለገኝስ» ላይ ነው። እኔ እንጀራዬ በኮምፒዩተር የሆነ ሰው ነኝ፣ በመርከብም ላፕቶፕ ይዤም ሳልይዝም ሄጃለሁ። የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ላፕቶፑ ላይ የምትሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ ለይታችሁ መናገር ከቻላችሁ ያዙት። «ለማንኛውም ይኑር» ከሆነ ግን ተዉት፤ ምክንያቱም ባሕር ላይ ድንገት የሚመጣውን ችግር ላፕቶፕ አይፈታውም።

እንዴት? ነገሩ የሚጀምረው ከስልኩ ነው። መርከቡ ከወደብ ርቆ ሲወጣ የየብስ ኔትወርክ ይቋረጣል። ብዙ መርከቦች በሳተላይት የሚሠራ የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው፣ ግን ተራው የሮሚንግ (ከአገር ውጭ የመጠቀሚያ) ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ እሱን አይሸፍንም፣ ሂሳቡም ያስደነግጣል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ በመርከቡ ዋይፋይ ብቻ ይጠቀማል። ይሄ ትክክለኛ አሠራር ነው። ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ይቋረጣል፣ ብዙ ሰውም አያስበውም፦ በስልክ ቁጥራችሁ የሚላከው የጽሑፍ መልእክት (ኤስኤምኤስ) መግባቱን ያቆማል።

አሁን ድንገተኛ ጉዳይ መጣ እንበል። ካርዳችሁ ላይ የማታውቁት ወጪ ታየ፣ ወይም መሥሪያ ቤት አንድ ፋይል አጥብቆ ፈለገ። ላፕቶፑን ከፈታችሁ፣ የኢንተርኔቱን ከፈላችሁ፣ ፓስወርዱን አስገባችሁ። ከዚያ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» ይላችኋል። ኮዱ አይመጣም። በዚያ ላይ በመርከቡ ሳተላይት በኩል ስትገቡ ሲስተሙ ከማያውቀው ቦታ የመጣችሁ ስለሚመስለው ከወትሮው በላይ ይጠራጠራችኋል፤ ቤት ሆናችሁ ጠይቋችሁ የማያውቀውን ኮድ እዚያ ይጠይቃችኋል። እንግዲህ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ምን ፈየደ? ምንም።

መፍትሔው ደግሞ አንድ ግራም አይመዝንም። ከመሄዳችሁ በፊት ባንኩም ኢሜይሉም የመሥሪያ ቤቱም ሲስተም የሚፈቅድ ከሆነ ኮዱን በጽሑፍ መልእክት ከመቀበል ወደ ኦተንቲኬተር አፕ ቀይሩት። አፑ ስልካችሁ ውስጥ ባለው ቁልፍና በሰዓቱ አስልቶ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣል፤ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም፣ ውቅያኖስ መሀል ይሠራል። ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገቧችሁን መጠባበቂያ ኮዶችም በወረቀት ይዛችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ። ኔትወርካችሁ የዋይፋይ ጥሪ (በዋይፋይ በኩል በራሳችሁ ቁጥር መደወል) ካለው እሱንም አብሩት፣ አንዳንዴ መልእክቱን ያስገባል፤ እኔ ግን በሱ ብቻ አልተማመንም። ይህን የጨረሰ ሰው ባንኩንም ኢሜይሉንም በስልኩ ይጨርሳል። «ካስፈለገኝስ» ያስባለው ጭንቀት አብዛኛው እዚህ ላይ ይቀልላል።

ስለ ኢንተርኔቱም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ የሚይዘው ሰው ግማሹ የሚይዘው በቤቱ ኢንተርኔት ልክ አስቦ ነው። ድሮ የመርከብ ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚመጣው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ነበር። ምልክቱ ወጥቶ ወርዶ መልሱ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ኢሜይል ይችላል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ግን ስቃይ ነበር። ከ2022 ጀምሮ እንደ ሮያል ካሪቢያን ያሉ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ማስገባት ጀመሩ፤ የሱ ሳተላይቶች ከ600 ኪሎ ሜትር በታች ስለሆኑ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የተሻሻለውን ተሻሽሏል ማለት ያስፈልጋል። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠር ተሳፋሪ የሚጋራው ነገር ነው፤ ሁሉም ክፍሉ በሚገባበት ማታ ላይ ፍጥነቱ እንደ ጠዋቱ አይሆንም። ክፍያውም ባብዛኛው በቀንና በመሣሪያ ብዛት ነው። የአንድ መሣሪያ ጥቅል የገዛ ሰው ላፕቶፑን ለማስገባት ስልኩን ማስወጣት አለበት፣ ስልኩን ለማስገባት ደግሞ ላፕቶፑን። ከመሳፈር በፊት በኩባንያው ድረ ገጽ መግዛት መርከቡ ላይ ከመግዛት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ለሥራ የሚይዝ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ቪፒኤን ነው፤ ከውጭ ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤት ሲስተም በተመሰጠረ መስመር የሚያስገባው ማለት ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ ሲስተም ያለ ቪፒኤን የማይከፈት ከሆነ፣ አንዳንድ መርከቦች ቪፒኤን እንደሚዘጉ ወይም ርካሹ ጥቅል ላይ እንደማይፈቅዱ እወቁ። የመርከቡን ኩባንያ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ «አይሠራም» ከሆነ ላፕቶፑን መያዝ ትርጉም የለውም፣ አለቀ።

ወደ ዋናው ልመለስ፣ ማን ይያዝ?

በመጀመሪያ የሰው ተቀጣሪ ሆናችሁ የዓመት ፈቃድ የወጣችሁትን ላናግር። እናንተ ላይ ከጋዜጣው ዓምድ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እንዲያውም ከሱ በላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። ላፕቶፑ ክፍላችሁ ውስጥ እንዳለ መሥሪያ ቤቱ ካወቀ «አንድ አምስት ደቂቃ ብቻ» ይመጣል። አምስቱ ደቂቃ ከሰዓቱን ይበላል። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ በመለሳችሁ ቁጥር መልስ ማግኘት ይለምዳሉ። «ባሕር ላይ ነኝ፣ ኮምፒዩተር አልያዝኩም» የሚለው መልስ ግን ማንንም አያስቀይምም፣ የማያከራክር እውነትም ነው። ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቡ፣ በስልክ የሚገኝ አንድ ሰው ሰይሙ፣ ከዚያ ሂዱ። ፈቃዳችሁ የሠራችሁበት መብታችሁ ነው። አለቃ ፊት «አልይዝም» ለማለት የሚያቅታችሁ ከሆነ ንግግሩን ከጉዞው በፊት ጨርሱት፤ መርከቡ ላይ ባለቤታችሁና ልጆቻችሁ እየጠበቋችሁ ከምትከራከሩ ያ ይሻላል።

የራሱ ሥራ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። ዓምዱን ሳነብ ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ድርጅቱን ብቻውን የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ የትርጉም ሥራ ወይም የሂሳብ ሥራ በኮንትራት የሚሠራ ሰው፣ የሚተካው የለም። ለሱ «ላፕቶፕህን ተው» ማለት «አትሂድ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ጠዋት ሌላው ሳይነሳ አንድ ሰዓት ሠርቶ ቢዘጋው፣ ቀኑን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ላፕቶፑ ዕረፍቱን አልቀማውም፣ እንዲያውም ዕረፍቱን ያስገኘለት እሱ ነው። ይህን ሰው ጥፋተኛ እንዲሰማው ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። አብረውት ለሚሄዱት ብቻ አስቀድሞ ይንገር፦ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት እሠራለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልነካውም»። ሰው የሚያዝነው ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሳያውቅ ሲጠብቅ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጨርስ ተማሪም ይያዝ። መጻፍ የሚወድም ይያዝ። ባሕር ላይ መጻፍ እወዳለሁ የሚል ሰው እኔ አልከለክልም፣ ያ ራሱ ዕረፍት ነው። ለጽሑፍ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፋይሉንና የሚነበበውን ሁሉ ቤት ሆናችሁ ላፕቶፑ ላይ አውርዱት።

ፎቶ አንሺዎች ብዙ ጊዜ «ፎቶ ለመገልበጥ» ይላሉ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልጠይቃችሁ፦ ልትገለብጡ ነው ወይስ ልትሠሩበት? መሥራት ከሆነ እሺ። መገልበጥ ብቻ ከሆነ ሚሞሪ ካርድ ጨምሩ። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ የሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ፎቶ) አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል፣ ስለዚህ 128 ጊጋባይት ካርድ ከ4 ሺህ በላይ ፎቶ ይይዛል። ሁለተኛ ቅጂ የሚፈልግ ሰው በትንሽ የካርድ ማንበቢያ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ታብሌቱ ያስገባል። ለፊልም ከሆነ ደግሞ ታብሌት ይበቃል፤ ብቻ ከቤት ሳትወጡ አውርዱ፣ አንዳንዱ አፕ ያወረዳችሁትን ከተወሰነ ቀን በኋላ እንደሚዘጋውም አትርሱ።

የመርከቡ የራሱ ነገር እንደሆነ በስልክ ነው። የቀኑ ፕሮግራም፣ የምግብ ቦታ ማስያዝ፣ ሂሳብ ማየት፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በአፓቸው ነው የሚያሠሩት፣ ለሱም የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት አያስፈልግም።

እሺ፣ ወሰናችሁ፣ ትይዛላችሁ። እንግዲያው በደንብ ያዙት። ወደ ወደቡ በአውሮፕላን ስትሄዱ የእጅ ሻንጣችሁ ውስጥ ይሁን። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ይገባል፣ አብዛኛው ላፕቶፕም ከዚያ አይበልጥም፤ ፓወር ባንክ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ወደብ ላይ ስትደርሱ ትልልቁን ሻንጣ ሠራተኞች ይቀበሏችሁና ክፍላችሁ በር ላይ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ማታ ያደርሱታል። ላፕቶፑን እዚያ ውስጥ እንዳትከቱት። ሻንጣው በብዙ እጅ ያልፋል፣ ይጣላል፣ ይደራረባል።

ሶኬት ሌላው ነገር ነው። አሮጌ መርከቦች ላይ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ታገኛላችሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ማከፋፈያ ይገዛል፣ የሚገዛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኃይል መጨመር የሚከላከለውን ዓይነት ነው። እሱ መርከብ ላይ ክልክል ነው፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱባችኋል። ለክፋት አይደለም። የመርከብ ኤሌክትሪክ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ሁለቱም ሽቦ ኃይል ሊኖረው ይችላል፣ መከላከያው ደግሞ ለዚያ ስላልተሠራ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ባሕር መሀል እሳት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። አንዳንድ ኩባንያዎች ተራውን ማከፋፈያም አያስገቡም፣ የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር ቀድማችሁ እዩ። ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር በአብዛኛው ይፈቀዳል፣ ለስልክና ለእጅ ሰዓቱ እሱ ይበቃል። የላፕቶፑን ቻርጀር ጀርባ እዩና ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለበት የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ክፍል ውስጥ ያለው ካዝና ትንሽ ነው። ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ላይገባበት ይችላል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ፋይሉ ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ የሚያደርገውን የዲስክ ምስጠራ አብሩ፣ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት ነው፣ ፋይላችሁንም ቤት በሚቀር ዲስክ ላይ ገልብጡ። ያኔ ቢሰረቅ የጠፋው ዕቃው ብቻ ነው። በረንዳ ላይ መሥራት ደግሞ በፎቶ እንደሚታየው አይደለም። ፀሐዩ ስክሪኑን አያሳይም፣ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ስታወጡት ደግሞ ጤዛ ይይዛል። ከወጣ ትንሽ አሳርፉት፣ ከዚያ አብሩት፣ ባይወጣ ግን ይሻላል።

ለጠያቂው በቀጥታ ልመልስለት። ጥያቄህ ላይ ላፕቶፑን ለምን እንደምትፈልገው አልጻፍክም። ሥራው አሁን ወዲያው አፍህ ላይ ከመጣልህ ያዘው፣ ማንም አይውቀስህ። አስበህ አስበህ ካጣኸው ተወው፣ ግን የኮዱን ነገር ሳትጨርስ ከቤት አትውጣ።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለ መርከብ ጉዞ በሚቀጥለው ስትጽፉ ስለ ምግቡና ስለ መዋኛው ብቻ አትጻፉ፤ ስለ ኢንተርኔት ጥቅሉ፣ ስለ ቪፒኤኑና ስለ ባንክ ኮዱ አንድ አንቀጽ ጨምሩልን። ብዙ ተጓዥ ይህን የሚያውቀው መርከቡ ከወደብ ከተነሳ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚስተካከል ነገር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ