የታጠረው ባዶ ቦታ ለቅሬዎቻችን ይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ምሳ ቤት አለኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራት ደግሞ በየቀኑ በያይነቱ እሠራለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ፤ ነገሩ ሁልጊዜ ነዳጅና ዶላር ላይ ደርሶ ይቆማል። ነዳጁም ዶላሩም የእኔን ኪስ አልማሩትም። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ በየጠዋቱ ስለምገዛው ጎመንና ከምሳ ቤቴ ጀርባ በዛገ ቆርቆሮ ታጥሮ ስለተቀመጠው ባዶ ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ አትክልት እንዲበቅልበት ለቅሬዎቻችን፣ ለዕድሮቻችን ማለቴ ነው፣ ይሰጥ እላለሁ።

ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በብዛት የሚመጣልን ከቆቦ በኩል ነው። ድንቹ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ፣ ጎመኑና ካሮቱ ከገራዶ ይገባል። ቲማቲም ሞቃት አገር ይወዳል፤ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናትና ቲማቲም ከሩቅ መጣ ብዬ ማንንም አልወቅስም። ጎመን ግን ምን ሆኖ ነው በመኪና የሚመጣልኝ? ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ብርዱን የሚወዱ ናቸው። የኅዳር ውርጭ ድንቹን ሊያቃጥለው ይችላል፤ የአበሻ ጎመን ግን ውርጭ ሲነካው እንዲያውም ይጣፍጣል። እናቴ «ኅዳር ያልመታው ጎመን አይበላም» ትል ነበር። ትንሽ አጋናለች፣ ግን ውሸት የላትም።

ገበሬው ማሳው ላይ የሚሸጥበትን ዋጋና እኔ የምገዛበትን የሚያውቅ ሰው መሀል ላይ ያሉትን እጆች ያውቃል። ደላላ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ መጨረሻ ላይ ጉሊት የምትቸረችረዋ ሴት አለች። ከሁሉ ያነሰ የምታገኘው እሷ ናት። ጎመኑ እንዳይጠወልግ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ስትረጭበት ትውላለች፤ ያልተሸጠውን ማታ ለከብት ትሰጠዋለች ወይም ትጥለዋለች። የጣለችውን ዋጋ በማግስቱ እኔ እከፍላለሁ፣ እኔ የከፈልኩትን ደንበኛዬ። ደንበኞቼ ባለሀብት አይደሉም፤ አስተማሪ፣ ጥበቃ፣ ጫማ ሰፊ፣ የባጃጅ ሾፌር ናቸው። በያይነቱ ላይ ጥቂት ብር ስጨምር ማን ቀረ ብዬ በዓይኔ የምቆጥር ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው አጥር ልመለስ። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በእግር የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ይይ፤ የታጠረና የተረሳ ቦታ ያያል። አንዳንዱ ለአልሚ ተሰጥቶ ግንባታው ያልተጀመረ ነው። አንዳንዱ «ለሕዝብ አገልግሎት የተከለለ» ተብሎ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ ያልተነገረለት ነው። ሌላው የመንግሥት ግቢ ጓሮ ነው። ኩርንችት፣ ፌስታልና የተሰበረ ጠርሙስ ይበቅልበታል። ማታ ማታ ጅብ ይገባበታል፣ ሴት ልጅ በዚያ በኩል ማለፍ ትፈራለች። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታውን በወቅቱ ያልጀመረ ሰው ውሉ ሊቋረጥበት እንደሚችል ይናገራል። እኔ የማንንም ውል አቋርጡ አላልኩም። ሰውየው ሲሚንቶ እስኪያገኝ መሬቱ ለምን ጾሙን ያድራል ነው የምለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ሴቶች ሞክረነዋል። አንድ ኃላፊ «ምን ችግር አለው፣ ዝሩበት» ብሎ በቃል ፈቀደልን። ጠርሙሱን ለቀምን፣ ልጆቻችን ድንጋይ አወጡ፣ ከአንድ ከብት አርቢ ፍግ ለምነን አመጣን። ድንች ዘራንበት፤ ዳር ዳሩን ጎመን ተከልን። ድንቹ አበባ ይዞ፣ ሊደርስ የሳምንታት ዕድሜ ሲቀረው ዶዘር ገባበት። ቦታው ለግንባታ ይፈለጋል ተባለ። የፈቀደልን ሰውዬ ያን ጊዜ ተቀይሮ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ በእጃችንም ወረቀት የለም። ጎረቤቴ ሮጣ ገብታ እንቁላል እንቁላል የሚያክለውን ድንች በነጠላዋ ስትለቅም አይቻታለሁ። ያ ቦታ እስከ ዛሬ ድረስ አልተገነባበትም። ኩርንችቱ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጠን ወደ አንድ ቢሮ አመለከትን። ያነጋገረን ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፣ አክብሮ አስቀመጠን። «እትዬ፣ ዛሬ ጎመን ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ነገ ዳስ ትጥላላችሁ፣ ከነገ ወዲያ ይዞታችን ነው ብላችሁ ካሳ ትጠይቃላችሁ» አለኝ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ ግን ልጁ እውነት አለው። ለአትክልት ተብሎ የተያዘ መሬት ቤት ሲሆን ያላየ የከተማ ሰው የለም። መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ እንዲከፈል ያዛል፤ ማንጎና አቮካዶ ከተተከለበት፣ ቤት ከቆመበት ጭቅጭቁ አያልቅም። ስለዚህ የባለሥልጣኑን ፍርሃት የሚያስወግድ ውል እንጻፍ። በውሉ ላይ ቋሚ ተክል እንደማይተከል፣ ግንብም ሆነ ጎጆ እንደማይቆም፣ ቦታው ሲፈለግ ያለ ካሳ እንደሚለቀቅ ይጻፍ። በምላሹ እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የ4 ወር ማስጠንቀቂያ። ድንች ከተዘራ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይወጣል፣ ጎመንና ቆስጣ ከዚያም ያነሰ ይበቃቸዋል። 4 ወር ካገኘን የዘራነውን አንስተን፣ ቦታውን ጠርገን፣ ቁልፉን እናስረክባለን። አዋጅ 721 ለከተማ ግብርና እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ሊዝ ያውቃል። እኛ 15 ዓመት አልለመንም፤ ሁለት ክረምትና ሁለት በልግ ይበቃናል።

ውሉን ማን ይፈርም? እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬአለሁ። «ወጣቶች በማኅበር ይደራጁ» የሚሉ አሉ። መደራጀት ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ማኅበር ቃለ ጉባኤና ማኅተም እስኪያገኝ ክረምቱ ያልፋል፤ ብድሩ ሲያልቅ ማኅበሩም አብሮ ሲያልቅ አይተናል። እኔ የምለው ለቅሬ ይሰጥ ነው። አዲስ አበባዎች ዕድር የምትሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የአባላት ስም ዝርዝር አለው፤ የቀረን ሰው ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ሰው ይከፍላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው፤ የእኛም እንዲሁ። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን ሳይጠፋ ይዞ የኖረ ድርጅት 300 ካሬ ሜትር መሬት ይዞ መኖር ያቅተዋል? ቅሬ ውስጥ የተጣላ ሰው እንኳ ከቅሬው አይወጣም፤ ማን ይቀብረዋል?

ምርቱ እንዴት ይከፈል የሚለውን የእኛ ሽማግሌዎች በአንድ ቡና ላይ ጨርሰውታል። በአንድ መደብ ላይ የሠራ ቤተሰብ የመደቡን ምርት ይወስዳል። ከሁሉም መደብ ጥቂት ጥቂት ተነስቶ አንደኛ ለሐዘን ቤት፣ ሁለተኛ ልጅና ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ይሄዳል። የተረፈ ካለ እኔም ሌሎች ምሳ ቤቶችም በቀኑ ዋጋ እንገዛለን፣ ብሩ ወደ ቅሬው ሣጥን ይገባል። ለቅሶ ቤት የሚበላው ወጥ ከየት ይመጣል የሚለው ጭንቀት የዘንድሮን ያህል ከብዶ አያውቅም፤ ይህን የቅሬ ሴቶች ብቻ ያውቁታል።

የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። አፈሩ። ጋራዥ የነበረበትን ቦታ፣ የተቃጠለ ዘይትና ባትሪ የፈሰሰበትን፣ ለጎመን ስጡን አንልም። እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ለመለየት ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለልን፤ ደሴ ግቢው ግብርና ያስተምራል፣ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲፈልጉ ይከርማሉ። የየሰፈሩን ባዶ ቦታ አፈር መርምረው «ይህ ይሁን፣ ይህ ይቅር» ቢሉን ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ያገኛሉ? ውሃውም እንደዚሁ ነው። የቦርከና ወንዝ ቅርብ ነው ተብሎ ከእሱ ጠልፎ ሰላጣ ማጠጣት አይሆንም። የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ ወስፋትና ታይፎይድ ይዞ ይመጣል፤ ምሳ ቤት ያለው ሰው ይህን ካላለ ማን ይላል?

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የባሰ ትፈራለች። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐረጎ ቁልቁል ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ቃሪያውም ቲማቲሙም ፓፓያውም ይሆናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጆች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፣ ከደመወዛቸው የሚበዛው ለኪራይና ለምግብ ነው። ለእነሱ መኖሪያ ቅርብ የሆነ የአትክልት ቦታ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው የሌዮሌ ወንዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮሚየምና ሌላም ከባድ ብረት አግኝተውበታል። ይህ ታጥቦ የሚሄድ፣ ተቀቅሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ቦታ ከመምረጥ በፊት የመስኖውን ውሃ ምንጭ መምረጥ ይቀድማል።

ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ለጎመን ስጡን ብንል ጎረቤት ይፈርድብናል። የሚያዋጣው የጣሪያ ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ይሆናል። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ለሚያውቅ የደሴ ሰው ሒሳቡን መቀጠል አያዳግተውም። የየቀበሌው አዳራሽ ጣሪያ ላይ አሸንዳና ሮቶ ቢገጠም ክረምቱ እንዳለፈ ያሉትን ደረቅ ሳምንታት ያሻግራል። ተዳፋት ቦታ ላይ ደግሞ ያለ እርከን መቆፈር ከጦሳ ለሚወርደው ጎርፍ አፈሩን አስረክቦ መሄድ ነው፤ ደሴ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናትና ይህን ባለሙያ ሳያይ አይጀመር። ስለ ማዳበሪያ ብዙ አልጨነቅም። ከእኔ ቤት ብቻ በቀን አንድ ጆንያ የድንችና የቀይ ሥር ልጣጭ ይወጣል። በየሰፈሩ የሚጣለው ገራባ፣ የጫት ትራፊው፣ ሌላ ነው፤ ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ቢያሰጋም ለብቻው ተከምሮ በደንብ እስኪበሰብስ ጊዜ ይሰጠው። አሁን ሁለቱም የሚሄዱት ወደ ቦርከና ነው።

ከተማ ውስጥ ማረስ ኋላ ቀርነት ነው የሚል ወዳጅ አለኝ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ኩባ ነዳጅና ማዳበሪያ አጥታ ስትጨነቅ የሃቫና ሰዎች ባዶ ቦታቸውን አትክልት አድርገው ነው የተነሱት፤ መንግሥታቸውም ባለቤትነቱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ሰጣቸው። ሃቫና ሩቅ ነው ከተባለ የራሳችንን እናንሳ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሲጠፋ ጓሮው ውስጥ ጎመን የነበረው ሰው ጎረቤቱን አብልቷል። እኔም ከበሉት አንዷ ነኝ።

ይህን ሁሉ ለመጀመር የሚያስፈልግ መሥሪያ ቤትም አዲስ አይደለም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከ11ዱ የመጀመሪያ ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ የከተማ ግብርና ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። የሌማት ትሩፋት የሚባለውም በ2015 ዓ.ም. ከመጣ ጀምሮ ስለ ወተትና እንቁላል በየስብሰባው ሰምተናል። ጎመኑን ማን ያዘው?

እንግዲህ እናንተን የምለምነው ይህን ነው። ባለባችሁ ኃላፊነት የከተማችንን አስተዳደር ጠይቁልን፦ በየቀበሌው ሳይገነባበት ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ስንት ነው? ዝርዝሩ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይችላል ወይ? የጽሑፍ ውል ለቅሬ ለመስጠት የሚከለክል ሕግ ካለ የትኛው አንቀጽ ነው? የበልግ ዝናብ የካቲት ላይ ሊጀምር ይችላል፤ ችግኝ የሚፈላው ከዚያ በፊት ነውና መልሱ ከጥር ባይዘገይ ደግ ነው። ያገኛችሁትን መልስ ካተማችሁት ጋዜጣውን ምሳ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ደንበኛው ሁሉ እንዲያነበው አደርጋለሁ፤ መልስ ካልተሰጣችሁም ያንኑ ጻፉልን፣ እሱንም እለጥፈዋለሁ።

የምሳ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ