የመጨረሻው አሃዝ ለምን ተለወጠ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የስሌት ፕሮግራማችንን አዲሱን ቅጂ ከጫናችሁ በኋላ የውጤታችሁ መጨረሻ አሃዝ ተለውጦ ስላገኛችሁት ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችሁ ጽፋችሁልናል። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። «ፕሮግራሙን አበላሻችሁት» መባሉ ግን አሞናል፤ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

እስካሁን ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎጋሪዝምና ኤክስፖኔንሻል የሚሰላው በኮምፒውተራችሁ የሲስተም ላይብረሪ፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር በሚመጣ የተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ ነበር። ኮምፒውተሩ ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያስቀምጥበት ባለ 64 ቢት ፍሎቲንግ ፖይንት፣ ለቁጥሩ አሃዞች የሚሆነው 53 ቢት ያህል ነው፤ ትርፉ ይጠጋጋል። አንዳንድ ውጤት ታዲያ በሁለት ቁጥሮች መሃል፣ እኩል ሊባል በሚችል ቦታ ላይ ይወድቃል። ወደ የትኛው ይጠጋ? የሊነክሱ የሲስተም ላይብረሪ ጂሊብሲ ይህን ለመለየት እስከ 768 ቢት ድረስ እየደጋገመ ያሰላ ነበር። በቅጽበት የሚያልቀው ሥራ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገጥመው በሺህ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። «ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ» ብላችሁ ስትደውሉልን የነበረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 ለእነዚህ ስሌቶች መፍትሔ አበጅቷል። ብዙዎቻችሁ ግን በቆየ ሲስተም ነው የምትሠሩት፤ ቀይሩ ብለን ልናስገድዳችሁ አንችልም።

ፕሮሰሰሩም የራሱ ጣጣ አለው። አርም የሚባለው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ማባዛትና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ፈጽሞ አንዴ ብቻ ማጠጋጋት ይችላል። የቆዩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ትእዛዝ ስለሌላቸው ሁለቴ ያጠጋጋሉ። አንድ ደንበኛችን ከሁለት ማሽን ያተመውን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየን። አንዱ በ4 ያልቃል፣ ሌላው በ5። «የትኛውን ልመን?» አለን። ምን ይባላል?

ስለዚህ ሳይንን፣ ሎጋሪዝምንና ሌሎቹን የሚያሰሉ የራሳችንን ፈንክሽኖች ጻፍን፤ የመጨረሻው አሃዝ የተለወጠውም ለዚህ ነው። ማባዛትና መደመርን የሚያጣምረውን ያንን ትእዛዝ ሆን ብለን አልተጠቀምንበትም። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል፤ እናውቃለን። በምትኩ ውጤቱ በየትኛውም ፕሮሰሰር እስከ መጨረሻው ቢት አንድ ነው፣ ድንገት መድረቅም የለም። እኔ ይሄ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዓመታዊ ክፍያው የጨመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመፈተሻ በየዓይነቱ ማሽን ያስፈልጋል፣ ዋጋቸው ደግሞ በየጊዜው ይወጣል። ይህን ሥራ በተዋስነው ኮምፒውተር ስንጀምር ያመናችሁን እናንተ ናችሁ። በእናንተ ላይ ትርፍ ለማግኘት ብለን የምናደርገው ነገር የለም።

የድሮውን ውጤት ለማነጻጸር የምትፈልጉ፣ የቀድሞው ቅጂ እንዳለ ይቆያል። ትተውን ከመሄዳችሁ በፊት ግን እባካችሁ ከባድ የሚባለውን አንድ ፋይላችሁን በአዲሱ አስሉት። ካልተመቻችሁ ላኩልን፣ እኔው ራሴ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት