አባባ፣ ምሳዎን ሳይበሉ ክኒኗን አይዋጡ

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንዴት ከረሙ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻም እንደ ወትሮዋ ትሞቃለች።

የሐረጎን ዳገት ብወጣ የምደርስብዎት ልጅ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎት አይቀርም። በስልክ ስጀምረው ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ያዞሩብኛል። ወረቀት ላይ ግን ወሬ መቀየር አይቻልም። መነጽርዎ ከጠፋ እማዬ ታንብብልዎት።

ነገሩ ስለ ስኳርዎ ነው። ስለ እግርዎና ስለ ዓይንዎ በየቀጠሮው ይነግሩዎታል። ስለ አንጎልዎ ግን ማንም ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ጁምዓ ሱቅ ውስጥ የሆነውን እርስዎ በደንብ አያስታውሱትም፤ እኔ ልንገርዎት። ለአንዷ ደንበኛ መልሷን ሁለቴ ሰጧት። ደግነቱ ሐቀኛ ሴት ነች፣ መለሰችልን። ወንድሜን በሟቹ አጎታችን ስም ጠሩት። ከዚያ ዝም አሉ። በዚያ ብርድ ሸሚዝዎ በላብ ጀርባዎ ላይ ተለጥፏል። የሳሙና ካርቶን የታሰረበትን ገመድ ለመፍታት ይሞክራሉ፣ ጣትዎ ግን እሺ አይልም። ጎረቤቶች “ሐጂ መርቅነዋል፣ ተዋቸው” አሉ። አንዱ ደግሞ “እርጅና ነው እንግዲህ” አለ። ጣትዎን ወግቼ ስኳርዎን ስለካው 49 ሆነ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣንዎት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ “ምን ከበባችሁኝ፣ ሥራ የላችሁም?” ብለው ተቆጡ። ቁጣዎ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እርጅና በሩብ ሰዓት አይድንም አባባ። እሱ የስኳር መውረድ ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከምናወጣው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እሱ ነው። የሚሠራውም በዋናነት በስኳር ነው። የራሱ ስንቅ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል፤ ደም በየደቂቃው ካላመጣለት ይቸገራል። ስኳር ከ70 ሲወርድ ሰውነት ማስጠንቀቅ ይጀምራል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ድው ድው ማለት፣ ርሃብ፣ ያለ ምክንያት መናደድ ይመጣል። ከ54 በታች ሲሆን ሐሳብም ንግግርም ይዛባል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ይደክማል። አንዳንዱ ሽማግሌ ሳያልበው በቀጥታ ግራ ይጋባል። ሰዉም “ጃጀ” ብሎ ያልፈዋል። በኃይል መውረዱ የተደጋገመባቸው አዛውንት ደግሞ ኋላ ላይ የመርሳት በሽታ በብዛት ታይቶባቸዋል።

እርስዎ የሚፈሩት ስኳሩ እንዳይጨምር ነው። ስለዚህ ምሳ ይዘላሉ። ክኒኗን ግን አይዘሉም። ከዚያ በርጫው ይመጣል፣ ጫቱም ረሃብዎን ይዘጋዋል። ጫቱን ይተዉ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፣ እሱን ለእማዬ ትቼዋለሁ። ግን ከበርጫው በፊት እንጀራ ይቅደም።

ያቺ የሚውጧት ግሊበንክላማይድ ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አምጣ እያለች የምትገፋ መድኃኒት ናት። በሉ አልበሉ ግድ የላትም። በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ትቆያለች፣ ኩላሊት ከደከመማ ይብስባታል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ለአዛውንት የማይመርጧት። በራስዎ እንዳያቆሟት ግን አደራ! በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬዎት ገብቼ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጠይቃለን።

ከፍ ማለቱ አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያበላሻል። ዓይን ላይ የሚሠራውን አንጎልም ላይ ይሠራል፤ የደም ግፊት ሲታከልበት ይብሳል፣ ስትሮክም ያመጣል። ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣው የመርሳት በሽታ ስኳር ባለበት ሰው ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ይበዛል ማለት ግን ሁሉም ይይዘዋል ማለት አይደለም። የግፊቱን ክኒንም የምነዘንዝዎት ለዚህ ነው።

ሌላኛዋ ክኒንዎ ሜትፎርሚን ብቻዋን ስትወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አታወርድም፣ እሷ ጨዋ ናት። ግን ለረጅም ዓመት ስትወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ልታሳንስ ትችላለች። ቢ12 ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ የማስታወስ ችሎታም ይቀንሳል። የእግርዎን መደንዘዝ ሁላችንም በስኳሩ አሳበብን እንጂ ይህን ያየልን የለም። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌ ወይም በክኒን ይስተካከላል። እሱንም እናስመርምር።

ረመዳንም እየደረሰ ነው። አላህ ለታመመ ሰው ማፍጠርን እንደፈቀደ ለእርስዎ አልነግርዎትም፣ ቁርዓን ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት። እጾማለሁ ካሉ ግን ወሩ ሳይገባ ሐኪም ጋ እንሂድ። የክኒኑ መጠንና ሰዓት መስተካከል አለበት። ጎህ ሳይቀድ የሚበላውን ሱሁር መዝለል የለም። ጣት ተወግቶ መለካት ጾም አያበላሽም፣ ካልተዋጠልዎት ኢማሙን ይጠይቋቸው። ከ70 ከወረደ እዚያው ማፍጠር ነው። መግሪብ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው ብሎ መታገል የለም።

የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ በሚኒባስ ሹፌሩ እጅ ልኬያለሁ፣ ወንድሜ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበለው። አብሮት ያለው ከረሜላ የእርስዎ ነው። ግማሹ በኮትዎ ኪስ፣ ግማሹ በሱቁ መሳቢያ ይቀመጥ። የሰፈር ልጆች ሲመጡ እንዳያድሉት፣ ለእነሱ ሌላ እልካለሁ።

እማዬን ሰላም በሉልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ
ከኮምቦልቻ